7 ቀን፣ 180 ቀን፣ 1 ዓመት

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ግቡ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ግማሾቻችሁ ከሺፍት ነው የመጣችሁት፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ ከዚህ ወደ ሺፍት ትሄዳላችሁ፣ ስለዚህ አላረዝምባችሁም።

አስቀድሜ ልናገር፣ ጠበቃ አይደለሁም። እዚሁ ፊኒክስ የሠራተኛ ጉዳይ የሚይዝ ቢሮ ውስጥ ፓራሊጋል ነኝ። ወረቀት አደራጃለሁ፣ ቀን እቆጥራለሁ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ሲመጣ ይጠሩኛል። የማወራው ከሥራ ስትባረሩ ወይም ደሞዝ ሲቀርባችሁ አሪዞና ውስጥ ስላላችሁ መብት ብቻ ነው። ኔቫዳና ቴክሳስ ዘመድ ያላችሁ ቀድታችሁ እንዳትልኩላቸው፣ እዚያ ብዙው ነገር ሌላ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ቢሯችን መጡ። አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የጽዳት ሥራ ይሠሩ ነበር። በፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘዋል፤ የቼክ ቁራጭ፣ የሺፍት ፕሮግራም፣ ቴክስት የተጻጻፉበት የተሰነጠቀ ስልክ። ለፋሲካ ሌሊት ሺፍት እንዲቀየርላቸው ከአንድ ወር በፊት ጠይቀዋል። የምትተካቸው ልጅም እሺ ብላለች፣ ቴክስቱ ላይ አለ። ማኔጀሩ እምቢ አለ። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፣ ሰኞ ሲመለሱ ከሥራ ወጥተዋል ተባሉ።

ወረቀቱን ሳይ ልቤ ዘለለ። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ላይ፣ አሠሪ የሠራተኛውን ሃይማኖት ላለማስተናገድ "ትንሽ ወጪ አለብኝ" ማለት እንደማይበቃው፣ ሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚያመጣ ማሳየት እንዳለበት ወስኗል። ተኪ ሰው ተገኝቶ እምቢ ማለት ደግሞ በቀላሉ የሚከላከሉት ነገር አይደለም። ከዚያ ቀኑን አየሁት። ከተባረሩ 14 ወር ሆኗቸዋል። "ለምን ቆዩ እማማ?" አልኳቸው። "ለእግዜር ሰጥቼው ነበር" አሉኝ።

እግዜር ይፈርዳል። ኢኢኦሲ የሚባለው፣ የሥራ ቦታ አድልዎን የሚያየው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ግን ከ300 ቀን በኋላ አቤቱታ አይቀበልም። የአሪዞና ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የሲቪል መብት ክፍል ደግሞ 180 ቀን ነው የሚሰጠው። በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ፣ በዕድሜ ተበደልኩ የምትሉ፣ ቆጠራው የሚጀምረው ከተባረራችሁበት ቀን ነው፤ ንዴታችሁ እስኪበርድ አይጠብቃችሁም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የአገር ቤቱን ሕግ በልባችን ይዘን ስለምንመጣ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪ ሠራተኛ ሲያሰናብት ሕጉ የሚያውቀው ምክንያት ያስፈልገዋል። እዚህ እንደዚያ አይደለም። "አት ዊል" ይሉታል፤ ማኔጀሩ ፊትህ አስጠላኝ ብሎ ቢያባርርህ፣ ያስጠላው ዘርህ ወይም ሃይማኖትህ ካልሆነ በቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕግ አልጣሰም። ስለዚህ "ያለ ምክንያት አባረሩኝ" ብላችሁ ስትመጡ ፊቴ ቢቀያየር አትቀየሙኝ። የምፈልገው ምክንያት የለም የሚል አይደለም፣ ሕግ የከለከለው ምክንያት አለ የሚል ነው።

ደሞዝ ላይ ግን አሪዞና ከምታስቡት በላይ ከናንተ ጋር ናት። በ2016 ሕዝቡ ራሱ በድምፁ ያጸደቀው ሕግ አለ። ዝቅተኛው ክፍያ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር እንዲያድግ ያዛል፤ በ2025 በሰዓት 14 ዶላር ከ70 ነበር፣ ፍላግስታፍና ቱሳን ደግሞ የራሳቸው ከፍ ያለ አላቸው። ያው ሕግ የሕመም ፈቃድም ሰጥቷል። 30 ሰዓት ስትሠሩ 1 ሰዓት ከነክፍያው ታገኛላችሁ። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 40 ሰዓት፣ ከዚያ ያነሰ እስከ 24 ሰዓት። ልጅ ቢታመምባችሁም ይሠራል። በተከታታይ 3 የሥራ ቀን ካልቀራችሁ የሐኪም ወረቀት አምጡ ሊሏችሁ አይችሉም። የሕመም ፈቃዱን ተጠቅማችሁ በ90 ቀን ውስጥ ከቀጧችሁ ደግሞ ሕጉ "ተበቅሎ ነው" ብሎ ይነሳል፣ አይደለም የሚለው አሠሪው ነው የሚያስረዳው። ይህንን የምታውቁ እጅ አውጡ እስቲ? አያችሁ፣ ሦስት ሰው።

ከተባረራችሁ ያልተከፈለ ደሞዛችሁ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ወይም እስከሚቀጥለው የክፍያ ጊዜ ማብቂያ፣ ከሁለቱ በቀደመው መከፈል አለበት። ካልተከፈለ እስከ 5,000 ዶላር ለሚደርስ ጥያቄ ኢንዱስትሪያል ኮሚሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት ማመልከት ይቻላል፣ በ1 ዓመት ውስጥ። ፍርድ ቤት ከሄደ አሠሪው ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል።

በካሽ የምትሠሩ፣ አዎ እናንተ፣ አትሳቁ። አሠሪያችሁ የአገር ልጅ ነው፣ ይሉኝታ አለ፣ ወረቀት የለም። እሱ መዝገብ አለመያዙ ግን እሱኑ ነው የሚጎዳው፤ ሕጉ መዝገብ ያልያዘ አሠሪ በቂ አልከፈለም ብሎ ይገምታል። እናንተ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት ማታ ማታ ደብተር ላይ ጻፉ። ባለ አንድ ዶላር ደብተር ይበቃል።

አሁን ወደ ልጆቹ። ከኋላ ስልክ የምታዩ፣ እናንተን ነው፤ ወደፊት ልትይዙት ስለምትችሉት ሙያ ነው።

የአንድ ሰው 2,000 ዶላር ደሞዝ ሲቀር ጠበቃ አይይዘውም። ክፍያው ከሚገኘው ላይ በመቶኛ ስለሆነ አያዋጣውም። መንገድ ዳር ቢልቦርድ ላይ የምታዩዋቸው ጠበቆች የመኪና አደጋ ነው የሚፈልጉት። (በነገራችን ላይ ጠበቃ ማስታወቂያ እንዲያወጣ የተፈቀደው በ1977 ነው፣ ጉዳዩም ከዚሁ ከፊኒክስ ሁለት ጠበቆች የመጣ ነው። ለቢልቦርዱ የምትወቅሱት ሰው ከፈለጋችሁ እንግዲህ የሰፈራችሁ ሰው ነው።) ያ ትንሽ ጉዳይ ባለቤት የለውም። አሪዞና ግን ከ2021 ጀምሮ "ሊጋል ፓራፕሮፌሽናል" የሚባል ፈቃድ ትሰጣለች። የሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ የሚጠየቀውን ትምህርት ወይም የሥራ ልምድ አሟልተው ፈተና የሚያልፉ ሰዎች፣ በቤተሰብ ጉዳይና በታችኛው ፍርድ ቤት በሚታይ አነስተኛ የገንዘብ ክርክር ራሳቸው ምክር ይሰጣሉ፣ ራሳቸው ይቆማሉ። ጀስቲስ ኮርት የሚባለው ታችኛ ፍርድ ቤት እስከ 10,000 ዶላር ያያል። የእማማን ዓይነት የፌዴራል ክስ መያዝ አይችሉም። ያቺን 2,000 ዶላር ግን ይችላሉ።

ሙሉ ጠበቃ መሆን የምትፈልጉ ደግሞ እሰየው፣ ቱሳንም ፊኒክስም ትምህርት ቤት አለ። የፊኒክሱ በሳንድራ ዴይ ኦኮነር ስም ነው የተጠራው። እኚህ የአሪዞና ከብት አርቢ ልጅ በ1952 ከስታንፎርድ በሕግ ተመርቀው ሥራ ሲፈልጉ፣ ከጠበቃ ቢሮ የቀረበላቸው የጸሐፊነት ሥራ ነበር። በ1981 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገቡ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ። እኔ ራሴ ለፓራፕሮፌሽናሉ ፈተና እያነበብኩ ነው። ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ። ከወደቅኩ ለማንም እንዳትነግሩ።

በሉ ቡናው ደርሷል። እዚያ ጥግ ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ፣ ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ ኑ። ታሪኩን ቀስ ብለን እንሰማለን። በመጀመሪያ የምጠይቃችሁ ግን ቀኑን ነው።