ቁልፉ ሳይነካ የተከፈተ በር

እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ለንደን ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራዬን ስለምሠራባት ነጭ ፎርድ ትራንዚት ቫን፣ በውስጧ ስለነበሩት መሣሪያዎች፣ እንዲሁም በአንድ የኖቬምበር ሌሊት ስለደረሰብኝ ስርቆት ነው። እዚህ አገር ከኤሌክትሪክ፣ ከቧንቧና ከአናጢነት ባለሙያዎች መካከል ይህ ያልደረሰበትን፣ ወይም የደረሰበትን ወዳጅ የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ታሪኬ ልዩ አይደለም፤ ልዩ ሆኖ ያገኘሁት የራሴን ሞኝነት ነው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሦስተኛ ፎቅ ወርጄ ወደ መኪናዋ ስቀርብ በመጀመሪያ ያየሁት የኋላውን በር ነበር። ከሁለት ወር በፊት ብዙ ገንዘብ አውጥቼ ያስገጠምኩት ተጨማሪ ቁልፍ እንደተቆለፈ አለ፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። እፎይ ብዬ ወደ ጎን ዞር ስል ግን ተንሸራታቹ በር ከላይ በኩል ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ እንደ እንጀራ ጥቅልል ታጥፎ አገኘሁት። በቅዳሜና እሁድ የሚያግዘኝ ወጣት ያን ዕለት አብሮኝ ነበርና «ጋሼ፣ በሩን ትናንት እንዲህ ትተውት ነው የሄዱት?» ብሎ ጠየቀኝ። አልቀለደም፤ ሰው በባዶ እጁ ብረት እንዲህ ማጠፍ ይችላል ብሎ ማመን ስላቃተው ነው።

እዚህ ይህንን አሠራር ልጦ መስረቅ ይሉታል። የቫን የጎን በር ስስ ላሜራ ነው፤ ሌባው የበሩን የላይኛውን ጠርዝ ይዞ በሰውነቱ ክብደት ሲስበው ላሜራው ይታጠፋል እንጂ ቁልፉ አይሰበርም። በመሆኑም እኔ ገንዘቤን ያፈሰስኩት ቁልፉን ለማጠንከር ሲሆን፣ ሌባው ደግሞ ከቁልፉ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም።

ከተወሰዱት ዕቃዎች መካከል ባለ 18 ቮልት መሰርሰሪያዎቼ፣ ግራይንደሬና የባትሪዎቼ ሳጥን ይገኙበታል። እነዚህ ቢያናድዱም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሱቅ የሚገዙ ነበሩ። አንጀቴን ያሳረረው እኛ በተለምዶ ሜገር የምንለው የመሞከሪያ መሣሪያ ነው። ሙያውን ለማታውቁት ላስረዳ፤ በአዲስ መስመር ላይ ኃይል ከመልቀቃችን በፊት በሽቦዎቹ መካከል 500 ቮልት ልከን የሽፋናቸውን መቋቋም እንለካለን፤ ቢ ኤስ 7671 በተባለው የእንግሊዝ ደንብ መሠረት ለተራ የቤት መስመር ውጤቱ ከ1 ሜጋ ኦም ማነስ የለበትም። ይህንና ሌሎቹን ልኬቶች ሳልመዘግብ ለደንበኛዬ የምስክር ወረቀት መስጠት አልችልም፤ የምስክር ወረቀት የሌለው ሥራም የሚከፈልበት ሥራ አይደለም። ስለዚህ እጄም፣ ዕውቀቴም፣ መኪናዬም በቦታቸው እያሉ፣ አንዲት በትከሻ የምትንጠለጠል ሳጥን በመጥፋቷ ብቻ ቀጠሮዎቼን እየደወልኩ ሰረዝኩ።

ከዚያ ፖሊስ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት በትሕትና አነጋገረችኝና የመሣሪያዎቹን መለያ ቁጥር አንድ በአንድ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። አንዱንም አላውቀውም ነበር። ስንት መሰርሰሪያ እንደነበረኝ እንኳ በእርግጠኝነት ለመናገር ተቸግሬ ነበር።

በዚያ ዝምታ መካከል ትዝ ያለኝ አዲስ አበባ ሙያውን የተማርኩበት ቦታ ነው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አዛውንት ነበሩ፤ ሞዴል 22 የተባለው የዕቃ ወጪ ቅጽ ሳይፈረም አንዲት ፒንሳ እንኳ ከመስኮታቸው አትወጣም ነበር። አዲስ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22፤ ማታ ደግሞ ካቻቢቴው በሰሌዳው ላይ በተሳለለት ቅርፅ ልክ ተመልሶ ካልተሰቀለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በእኚህ ሰው ላይ ያልቀለድነው ቀልድ አልነበረም። በራሴ መኪና፣ በራሴ ስም፣ በራሴ ገንዘብ መሥራት ስጀምር በመጀመሪያ የጣልኩት ያንን ልማድ ነበር፤ የራሴን ዕቃ ከራሴ የምረከብበት ምክንያት አልታየኝም።

አሁን ደብተር አለኝ። የእያንዳንዱን መሣሪያ ዓይነት፣ መለያ ቁጥርና የተገዛበትን ደረሰኝ መዝግቤ፣ ፎቶግራፍ አንስቼ፣ ኢሞቢላይዝ በሚባለው ነፃ የንብረት መመዝገቢያ ላይ አስገብቼዋለሁ፤ ፖሊስ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል ብሎ የያዘውን ዕቃ ባለቤት ለመፈለግ ይህን መዝገብ ያያል። በፕላስቲኩ ላይም የአካባቢዬን የፖስታ ኮድ በሚታይ ቦታ ቀርጬበታለሁ። ይህ ስርቆቱን አያስቀረውም፤ ነገር ግን የተሰረቀ መሣሪያ እሁድ ጠዋት በየሜዳው በሚዘረጋ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ሲቀርብ፣ ፊቱ የተጻፈበት ዕቃ ገዢውን ያስጠረጥራል፤ ሻጩንም ያሸማቅቃል።

ስለ ቁልፍ የተማርኩትንም ላንሳ። ለቫን የሚገጠሙ ተጨማሪ ቁልፎች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በሩ በተዘጋ ቁጥር በራሱ የሚቆልፍ ሲሆን፣ በየደጁ እየቆመ ዕቃ ለሚያድል ሰው ይስማማል፤ ቁልፉን ውስጥ ረስቶ መቆም ግን የተለመደ ጣጣው ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ አስቦ ለብቻው በቁልፍ የሚቆልፈው ሲሆን፣ መቀርቀሪያው እንደ መንጠቆ የታጠፈ ከሆነ በሩን ፈልቅቆ ለመክፈት ያስቸግራል። እኔ ያስገጠምኩት ሁለተኛውን ነበር፤ ምርጫዬ ትክክል ነበር፤ ቦታው ግን ስህተት። አሁን በጎኑ በር የላይኛው ጠርዝ ላይ ወፍራም የብረት ማጠናከሪያ አሠርቻለሁ፤ ውስጥ ደግሞ ከወለሉ ጋር በቡሎን የታሰረ የብረት ሣጥን አለ። ማታ ሳቆማትም የጎን በሯን ከግንብ ጋር አስጠግቼ ነው፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ቦታውን ጎረቤት ካልቀደመኝ በቀር።

የትኛውም ብረት ግን አይሰበርም ብዬ ራሴን አላታልልም። ብረት የሚገዛልን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሌባም የሚፈራው ብረቱን ሳይሆን ደቂቃውን ነው። በመሆኑም ራሴን የምጠይቀው «ይህ ቁልፍ ጠንካራ ነው?» ብዬ ሳይሆን «በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተሸክሞ ሊሄድ የሚችለው ምንድን ነው?» ብዬ ነው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሜገሩ፣ የሌዘር መለኪያውና ባትሪዎቹ። እነዚህን በየማታው ሦስት ፎቅ ተሸክሜ እወጣለሁ። ባለቤቴ በጫማ መደርደሪያው አጠገብ መጋዘን ከፈትክ ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

ስለ ኢንሹራንስ አጭር ነገር ልበል። ውሌን በጥንቃቄ ያነበብኩት ከተሰረቅሁ በኋላ ነው፤ ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ መሣሪያ እንደማይካስ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ብዙ ውሎች እንዲህ ያለ አንቀጽ ስላላቸው፣ የእናንተን ዛሬውኑ አንብቡት።

በነገሩ የተማረርነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የእጅ ሙያተኞች ቫኖቻቸውን አሰልፈው ፓርላማው ወዳለበት ዌስትሚንስተር በመሄድ ተቃውሞ አሰምተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የመሣሪያ ስርቆት መከላከያ ሕግ በዋነኛነት የታሰበው ለባለ አራት ጎማ የእርሻ ሞተሮች ሲሆን፣ መንግሥት በደንብ ወደ ሌሎች የሥራ መሣሪያዎች ሊያሰፋው እንደሚችል ይደነግጋል።

አንድ ያልፈታሁት ጉዳይ ይቀረኛል። በቫኗ ጎን ላይ ስሜ፣ ሙያዬና ስልኬ በትልቁ ተጽፏል። ግማሽ ያህሉን ደንበኛ ያመጣልኝ ይህ ጽሑፍ ነው፤ ውስጧ ምን እንዳለ ለሌባው የሚያነብለትም እርሱው ነው። ልፋቀው ብዬ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዤ ሁለቱንም ጊዜ ቀርቻለሁ። «ማታ ማታ ውስጥ መሣሪያ አያድርም» የሚል ተለጣፊ በመስኮቱ ላይ ለጥፌበታለሁ፤ ሌባ ያነብበዋል ወይስ ይስቅበታል፣ እንጃ። ቢያንስ ውሸት እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ።

አሁን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ደብተሩ ፊቴ ተዘርግቷል፤ ሜገሩ ገብቷል፣ ሌዘሩም ገብቷል። በባትሪዎቹ ትይዩ ግን ፊርማ የለም፤ ረስቻቸው ነው የወጣሁት። ስለዚህ እዚህ ላይ አቁሜ ልውረድ። ሰላም እደሩ።