በርኖሱንና መጻሕፍቱን

(አዳማ፣ በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ቁምሳጥን ሲከፈት የተደረገ ንግግር)

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ወንጌላዊው «ቁምሳጥኑ ሲከፈት አንቺ ተናገሪ» ሲሉኝ፣ «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተማረ ሰው ፈልጉ» ብዬ ነበር። «የተዋስሽውን መጽሐፍ በቀኑ የምትመልሺ አንቺ ነሽ» አሉኝ። እንግዲህ እዚህ ያቆመኝ እውቀቴ ሳይሆን መላሽነቴ ነው።

ከሙያዬ ልጀምር። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት፣ ምዕራፍ 4 ቁጥር 13 ላይ፣ አብዛኞቻችን ሳንቆም የምናልፈው ቃል አለ። «ስትመጣ በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ የተውሁትን በርኖሱንና መጻሕፍቱን ይልቁንም በብራና የተጻፉትን አምጣልኝ» ይላል። ልብስ ሰፊ ነኝና መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በርኖሱ ላይ ነው። ሰውዬው እስረኛ ነው፤ ብርዱ እየመጣበት ነው። ዝቅ ብሎ «ከክረምት በፊት እንድትመጣ ትጋ» ይላል። በርኖስ መጠየቁ አልገረመኝም። መጻሕፍቱ ግን? ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ «ሩጫውን ጨርሼአለሁ» ያለ ሰው፣ ጌታን በደማስቆ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው፣ አሁን መጽሐፍ ምን ያደርግለታል? እኔ ሳስበው ሁለቱንም የጠየቀው ለዚያው ለብርዱ ነው።

የእኛ ብርድ እንኳ የአየሩ አይደለም፤ አዳማ ላይ ስለ ብርድ ባወራ ትስቁብኛላችሁ። የእኛ ብርድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ነው። እሁድ እዚህ ዘምረን፣ አልቅሰን፣ አሜን ብለን እንወጣለን። ሰኞ ትንሽ ትንሽ ይቀራል። ረቡዕ ዕለት ደንበኛው «ቀሚሱ ጠበበኝ» ብሎ ሲጮህ፣ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሲቆም፣ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ነጩ ጨርቅ ላይ ሲያራግፈው፣ የእሁዱ ስብከት የት እንደገባ አላውቅም። መጋቢውን ሱቄ ድረስ ልጥራቸው? መጽሐፉ ግን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ከመቀሱ ጎን።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከባለቤቴ እህት ጋር ተኳርፈን ነበር። ነገሩ የውርስ ዕቃ ነው፤ ዝርዝሩ ይቅር። ሦስት ወር ሙሉ አልተነጋገርንም። እኔም ለቅዱስ ቁርባን በቀረብኩ ቁጥር ልቤን «ቆይ፣ ኋላ» እለው ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፋና በር ላይ ወንበሬን አውጥቼ ስለ ይቅርታ የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ ገለጥኩ። ጸሐፊዋ «የበደለሽን ሰው ስም ጮክ ብለሽ ጥሪ» ትላለች። ሰው እንዳይሰማኝ ግራ ቀኙን አይቼ ጠራሁት። ስሙ አፌ ላይ መረረ። ያን ቀን ይቅር አላልኩም። አልዋሻችሁም፣ ከሰማይ የወረደ ነገርም አልነበረም። ገጹ ላይ ቀይ ክር አግብቼ ዘጋሁት። በማግስቱ ያንኑ ገጽ፣ በሦስተኛውም ቀን ያንኑ። በሳምንቱ ደወልኩ። ስለ በርበሬ ዋጋ አወራን፤ ስለ ሌላ አንዲት ቃል አላነሳንም። እንዲያም ሆኖ ስልኩን ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«መጽሐፍ ቅዱስ እያለ ሌላ መጽሐፍ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ልክ ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ኢሳይያስን ይዞ ነበር። ፊልጶስ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው፣ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ፊልጶስ ሠረገላው ላይ ወጣ፣ ከዚያው ከኢሳይያስ ጀምሮ ወንጌልን ሰበከለት፣ አጠመቀው፤ ወዲያው ተሰወረ። ጃንደረባው ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። ጥሩ መጽሐፍ እንደዚያ ነው፤ አሳፍረነው ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ ይወርዳል። አልወርድም፣ መሪውን እኔ ልያዝ የሚል መጽሐፍ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። «በሰባት ቀን ሀብታም የሚያደርግ ጸሎት» የሚል ዓይነት ቁምሳጥናችን ውስጥ የለም። እንዳይገባ የታገልኩት እኔ ነኝ፤ የምትቆጡ በእኔ ተቆጡ።

ይህች ከተማ እኮ የንባብን ነገር ታውቀዋለች። ናዝሬት በምትባልበት ዘመን፣ በ1950ዎቹ፣ እንግሊዝኛቸውን ማሻሻል የፈለጉ ተማሪዎች ሚስዮናውያን ዘንድ ሄደው አስተምሩን አሉ። መማሪያ ሆኖ የተሰጣቸው የዮሐንስ ወንጌል ነበር። ሰዋስው ፈልገው ሄደው ጌታን አገኙ። ሰማየ ብርሃን የተባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ የተነሳው ከዚያ ነው።

ወጣቶች፣ «ለንባብ ጊዜ የለኝም» ለምትሉኝ ደግሞ ስለ ዮሐንስ ቡንያን ልንገራችሁ። እንግሊዛዊ ነው፤ እንጀራው ድስትና መጥበሻ እየዞሩ መጠገን ነበር። ያለ ፈቃድ ሰበክህ ብለው 12 ዓመት አሰሩት። እስር ቤት ውስጥ ቤተሰቡን ለመርዳት የጫማ ክር ይሠራ ነበር። ክር! ይህን ሳነብ እንደ ሥራ ባልደረባዬ ነው ያየሁት። በጀርባው ሸክም ስለተሸከመ መንገደኛ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1678 ታተመ፤ በአማርኛ ከወጣ እንኳ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያ ሁሉ ከክር ሥራ ጎን ለጎን ነው።

ስለ አነባበቡ ብዙ አልልም። እኔ በቀን ሁለት ገጽ ነው የማነበው፤ አንዳንዴ አንድ። በስልክ የምታነቡም አንብቡ፣ ቴሌግራሙ ካልጠራችሁ። በመጽሐፉ ላይ ለማስመር እኔ መጀመሪያ የልብስ ጠመኔዬን ተጠቅሜ ነበር፤ ሁሉም ተራግፎ ጠፋ። እርሳስ ያዙ። በራሳችሁ መጽሐፍ ላይ ነው ታዲያ፣ በቁምሳጥኑ ላይ አይደለም!

የማዋሻ መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስም፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ የወሰዳችሁበት ቀን፤ ጊዜው ሦስት ሳምንት። በካኪ ወረቀት የተለበደችው ቀጭኗ መጽሐፍ የእኔ ነበረች፤ ዛሬ ለቁምሳጥኑ ሰጥቻታለሁ። የሽሮ ጠብታ አለባት፣ ይቅርታ። ቀዩን ክር ግን ከገጹ አታውጡብኝ።