ፓስወርዱን ኤጀንቱ ከራሱ እንዳያወጣ

[ስክሪኑ ላይ፦ ባዶ ተርሚናል፣ ከጀርባ የዝናብ ድምፅ]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከጅማ ነኝ። ቆርቆሮው ሲጮኽ ከተሰማችሁ ይቅርታ፤ እዚህ በክረምት ዝናቡ እስኪያባራ ልጠብቅ ያለ ሰው ቪዲዮ አይሠራም።

ዛሬ የማወራችሁ ለኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞችን (ቱሎችን) እየጠራ ሥራ ለሚሠራ የቋንቋ ሞዴል፣ ስለሚሰጥ አንድ ትንሽ ቱል ነው። ሥራው በተባለው ርዝመት ፊደልና ቁጥር በዘፈቀደ መርጦ መስጠት ነው። ፓስወርድ በሉት፣ ቶክን በሉት። ኮዱ አሥር መስመር ቢሆን ነው። ላቤን ያወጣው ማብራሪያው ነው፤ ኤጀንቱ ቱሉን መቼና እንዴት እንደሚጠራ የሚያነበው ጽሑፍ ማለቴ ነው።

ለአንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት የሠራተኞች አካውንት እየከፈትኩ ነበር። ሰላሳ ምናምን ሰው። ኤጀንቱን "ለእያንዳንዳቸው ጠንካራ ፓስወርድ አውጣላቸው" አልኩት። አወጣ። አንዱን ብቻ ስታዩት ያስፈራል። ዝርዝሩን ወደ ታች ሳወርደው ግን ሁሉም በካፒታል ፊደል ይጀምራል፣ መሃል ላይ ቁጥር ይሰነቅራል፣ መጨረሻው ቃለ አጋኖ ነው። ሁለቱማ ጭራሽ አንድ ዓይነት! ቱሉ እዚያው ተቀምጧል፣ አልነካውም። ማብራሪያው ላይ "ፓስወርድ ያመነጫል" ብቻ ብዬ ስለነበር፣ ይሄማ እኔንም አያቅተኝም ብሎ ከራሱ አወጣ።

እስቲ ዕቁብ አስቡ። ስሙ ይጻፋል፣ ይጠቀለላል፣ ጣሳ ውስጥ ገብቶ ይናጣል፣ አንድ ልጅ እጁን ይሰዳል። ዳኛው "ጣሳውን ተዉት፣ እኔ ዝም ብዬ አንድ ስም ልጥራ" ቢላችሁ ትስማማላችሁ? ሰውየው ሌባ ባይሆን እንኳ አፉ ላይ የሚቀናው ስም አይጠፋም። የቋንቋ ሞዴልም ያው ነው። ሥራው ቀጥሎ ምን ሊመጣ እንደሚችል መገመት ስለሆነ፣ ፓስወርድ ሲባል ፓስወርድ የሚመስል ነገር ነው የሚመጣለት።

ለኮምፒውተር ጣሳው፣ ማለትም በዘፈቀደ የሚያወጣው ክፍል፣ ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋ ነው። በፓይተን ከሆነ ሴክሬትስ የሚባለውን ሞጁል ውሰዱ፤ ከ3.6 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ራንደም የሚለውን ለጌም ተዉት። ውስጡ ያለው መርሴን ትዊስተር የሚባል የቁጥር ማመንጫ ቀመር ነው፤ 624 ተከታታይ ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ያየ ሰው ቀጣዩን አስልቶ ይደርስበታል።

[ስክሪኑ ላይ፦ የፓራሜትሮቹ፣ ማለትም ቱሉ ሲጠራ የሚሰጡት ምርጫዎች ዝርዝር]

ርዝመት። 8 ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል 208 ቢሊዮን ገደማ አማራጭ አለው። ብዙ ይመስላል አይደል? እንደ ኤምዲ5 ባለ ፈጣን ሃሽ (ፓስወርዱን በቀጥታ ወደማይነበብ ጽሑፍ የሚቀይር ስሌት) ከተቀመጠና ከተሰረቀ፣ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ከደቂቃ በታች ይጨርሰዋል። ትልቁንም ትንሹንም ፊደል፣ ቁጥሩንም ስትጨምሩ 62 ምልክት ይሆናል፤ ከዚያ 16 ብታወጡ 95 ቢት ያህል ነው፤ 2ን 95 ጊዜ እርስ በርሱ ስታባዙት የሚመጣውን ያህል አማራጭ ማለት ነው። እኔ ምንም ካልተባለ 20 እንዲያወጣ አድርጌዋለሁ።

በነገራችን ላይ የኛ ፊደል 33 በ7፣ 231 ስለሆነ 12 ፊደል ብቻ ከዚያ 16 ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረው። ግን ብዙ ሲስተም አይቀበለውም። ቢቀበልም ሠራተኛው ከአጋሮ ደውሎ "ሀ ነው ያልከኝ? ሃሌታው ነው ሐመሩ?" ሲላችሁ ታዩታላችሁ። የላቲኑም ያው ነው፤ ዜሮና ኦ፣ 1 እና ኤል። "የሚመሳሰሉትን አስወጣ" የሚለው ፓራሜትር ለዚህ ነው። በስልክ ለሚነበብ አብሩት፣ ለማሽን ብቻ ለሆነ አያስፈልግም።

አሁን ማብራሪያውን እንዲህ ቀየርኩት፦

"ማንም ሊገምተው የማይገባ ጽሑፍ ሲያስፈልግ ይህን ቱል ጥራ። በራስህ አትጻፍ። የመጣልህን አትቀይር፣ አታሳጥር። ልዩ ምልክት ከተጠየቅህ ምልክት የሚለውን አብርተህ እንደገና ጥራ።"

የመጨረሻዋን መስመር ያስጨመረኝ ራሱ ኤጀንቱ ነው። አንድ ፎርም "ምልክት ያስፈልጋል" ሲለው፣ ቱሉ የሰጠው መጨረሻ ላይ ያቺኑ ቃለ አጋኖውን ለጥፎ አለፈ። ልማድ!

አንድ ነገር ቀረ፣ ከባዱም እሱ ነው። ቱሉ ፓስወርዱን ለኤጀንቱ ሲመልስለት ፓስወርዱ ውይይቱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሎግ (ኤጀንቱ የሠራው ሁሉ የሚመዘገብበት ፋይል) ላይ ይቀራል፤ ሞዴሉ ያለው ሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ከሆነም እዚያ ይደርሳል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አደረግሁለት። ለፋይል ስም፣ ለሙከራ ዳታ ምናምን ጽሑፉን ራሱን ይመልሳል። ለእውነተኛ አካውንት ግን ፓስወርዱን በቀጥታ የፓስወርድ ማስቀመጫው ውስጥ ይከትና ለኤጀንቱ መለያ ቁጥሩን ብቻ ይሰጠዋል። ማብራሪያው ላይም "ፓስወርዱን አታየውም፣ አትጠይቅ" ብዬ ጻፍኩ። ካልጻፋችሁ ውጤት አልመጣም ብሎ ደጋግሞ ይጠራዋል፤ እኔ ጋ አራት ጊዜ ጠርቶት ለአንድ ሰው አራት ፓስወርድ አስቀምጦ አገኘሁት።

[ስክሪኑ ላይ፦ ሎጉ፣ አራቱ መለያ ቁጥሮች ከላይ እስከ ታች]

ሦስቱን በእጄ ነው የሰረዝኩት።