ዲኤንኤ በእርግጥ መረጃ ይዟል?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዲኤንኤ መረጃ ይይዛል ሲባል ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተናል። አንዳንድ የሳይንስ ፈላስፎች ግን «ይሄ የአነጋገር ዘይቤ ነው፤ እዚያ ያለው ኬሚስትሪ ብቻ ነው» ይላሉ። ንቀን ልናልፋቸው አይገባም፤ ጠንካራ ክርክር አላቸው።

የሒሳብ ሊቁ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 መረጃን በቢት፣ ማለትም በ«አዎ ወይም አይ» ምርጫ ብዛት፣ የሚለካበትን ስሌት አወጣ። ዲኤንኤ አራት ዓይነት ኬሚካላዊ «ፊደላት» አሉት፤ በዚያ ስሌት አንዱ ፊደል ቢበዛ 2 ቢት ይይዛል። ችግሩ ስሌቱ የመረጃውን ምንጭ አይመርጥም። የብዙ ኤሊዎችን ጾታ የሚወስነው እንቁላሉ የተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው። በሻነን ስሌት ከሄድን ሙቀቱም ስለሚፈለፈለው ኤሊ መረጃ ይዟል ማለት ነው። ታዲያ ዲኤንኤን ምን ለየው?

እኔን ያሳመነኝ እ.ኤ.አ. በ1962 የታተመ አንድ ሙከራ ነው። ሴል ውስጥ የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑትን አሚኖ አሲዶች ተሸክመው ፕሮቲን ወደሚሠራው ራይቦዞም የሚያደርሱ ትንንሽ አርኤንኤዎች፣ ማለትም የዲኤንኤ ዘመድ የሆኑ ሞለኪውሎች፣ አሉ። ተመራማሪዎቹ ሲስቴይን የተባለውን አሚኖ አሲድ የተሸከመውን ወሰዱ። ሲስቴይኑ እዚያው እንደተጣበቀ ሰልፈሩን ነጠቁትና ወደ አላኒን ለወጡት። ተሸካሚውን ግን አልነኩትም። ራይቦዞሙ ምን አደረገ? ሲስቴይን መግባት በነበረበት ቦታ አላኒኑን ዝም ብሎ አስገባው! ጭነቱን ጨርሶ አላየም። የተከተለው የተሸካሚውን ሦስት ፊደላት ነው።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ ፊደላቱና አሚኖ አሲዱ በቀጥታ አይተዋወቁም። የሚያገናኛቸው አማካዩ፣ ማለትም ተሸካሚው አርኤንኤ፣ ነው፤ አማካዩ ሲለወጥ ንባቡም ይለወጣል። በገዛ ሴላችን ውስጥ እንኳ ይታያል። ዩጂኤ የሚባሉት ሦስት የአርኤንኤ ፊደላት አብዛኛውን ጊዜ «እዚህ ላይ አቁም» ማለት ናቸው። የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆኑት ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ግን «ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ አስገባ» ማለት ናቸው። የአሸዋው ሙቀት እንዲህ ያለ አማካይም ኮድም የለውም። ስለዚህ እዚህ ድረስ መረጃ አለ ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

ከዚህ ወዲያ ግን ነገሩን እየለጠጥነው ነው። የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ የሆነው ፍራንሲስ ክሪክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1958 መረጃ ሲል የቅደም ተከተል በትክክል መወሰን ማለቱ እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። ስለ ቁመትና ስለ ጠባይ አይደለም ያወራው። ኮዱ የሚደርሰው እስከ አሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነት የሚያድገው ምግብም፣ ሙቀትም፣ ጎረቤት ሴሎችም በሚገቡበት ረጅም ሂደት ነው። «የብልህነት ዘረመል ተገኘ» የሚል ዜና ባየሁ ቁጥር የምናደደው ለዚህ ነው። ያንን ሁሉ መንገድ አንዴ ዘሎት ይሄዳል።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው። የአሸዋው ሙቀትም መረጃ ነው ብሎ የሚሞግተኝ ካለ በደስታ እሰማዋለሁ። አመሰግናለሁ።