«በዚህ ዕድሜ ብሬስ?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅት በጎልማሳ ዕድሜ ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ የሚያስተካክል ሽቦ፣ ስለማሳሰር ስንነጋገር ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። በአየር ላይ በጥድፊያ የመለስኳቸውንና ሰዓት አልቆ ያላዳረስኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ። አንደኛው ጥያቄ በተለይ ከስቱዲዮ ከወጣሁ በኋላም ሲከነክነኝ ቆይቷል። በእሱ እጀምራለሁ።

«52 ዓመቴ ነው። ወጣት ሳለሁ ጥርሴ ግጥም ያለ ነበር። ካለፉት ሦስት አራት ዓመታት ወዲህ ግን የላይኛው የፊት ጥርሶቼ ወደ ፊት እየወጡ ነው። መሃላቸውም ተከፍቶ ፍንጭት ሆኛለሁ። ልጄ ብሬስ ስታሳስር እኔም አማረኝ። ሰው ግን “በዚህ ዕድሜ?” ይለኛል። አልፎብኛል ወይ ዶክተር?»

እናቴ፣ በፍጹም አላለፈብዎትም። ጥርስ እንደ ሚስማር አጥንት ላይ ተቸንክሮ የቆመ ነገር አይደለም። በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል ከግማሽ ሚሊሜትር የሳሳ ጅማት አለ። ብሬስ ጥርሱን ቀስ አድርጎ ሲገፋው፣ በሚገፋበት በኩል ጅማቱ ይጨመቃል። ያኔ አጥንት የሚያሟሙ ሴሎች መጥተው መንገድ ይከፍታሉ። ጥርሱ በሸሸበት በኩል ደግሞ ጅማቱ ይለጠጣል፤ አጥንት የሚሠሩ ሴሎች ክፍተቱን ይሞላሉ። ይህ ሥራ የ15 ዓመት ልጅ አፍ ውስጥም የ60 ዓመት ሰው አፍ ውስጥም ያው ነው። በትልቅ ሰው ላይ ሲጀምር ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ጥርስ በወር አንድ ሚሊሜትር ገደማ ከሄደ ጥሩ ሄዷል እንላለን።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ዕድሜዎ አይደለም። «ጥርሴ ግጥም ያለ ነበር፤ አሁን ነው የተከፈተው» ያሉት ነገር ነው።

አብሮን ያደገ ፍንጭት ሌላ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ በድንገት የሚከፈት ፍንጭት ግን ብዙ ጊዜ የድድ በሽታ ምልክት ነው። ሲቦርሹ ይደማል? ድዱ ሸሽቶ ጥርሱ የረዘመ ይመስላል? በጣት ሲነኩት ይነቃነቃል? የአፍዎ ጠረን ተለውጧል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት ከድዱ ሥር ቀስ በቀስ እያለቀ ሊሆን ይችላል። የድድ በሽታ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። አጥንቱ ሲቀንስ ጥርሱ የምላስንና የከንፈርን ግፊት መቋቋም ያቅተዋል። ከኋላ የመንጋጋ ጥርሶች ከወለቁ ደግሞ የማኘኩ ጫና ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል። የፊት ጥርሶቹም እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ።

በታመመ ድድ ላይ ብሬስ ማሰር አጥንቱን በፍጥነት መጨረስ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ ራጅ ይነሱ። ሐኪሙ ቁጥር ባለው ቀጭን መለኪያ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ያለውን የድድ ጥልቀት ይለካ። እስከ 3 ሚሊሜትር ድረስ ደህና ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚደማ ከሆነ ሕክምና ይፈልጋል። ሕክምናው ከድድ ሥር ያለውን ጠንካራ ቆሻሻ ማጽዳት ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ይጠበቅና እንደገና ይለካል። ድዱ ከዳነና መድማቱ ከቆመ፣ አጥንቱ ቀድሞ የቀነሰ ቢሆንም እንኳ በቀላል ግፊት ብሬስ መታሰር ይቻላል። በየሦስት ወሩ ገደማ የድድ ክትትልና እጥበት ግን ግድ ነው። ድድዎን ሳይለካ በመጀመሪያው ቀን «ነገ ልሰርልዎት» የሚል ካለ፣ አመስግነው ይውጡና ሌላ ሐኪም ያማክሩ።

«38 ዓመቴ ነው። አገጬ ወደ ፊት የወጣ ነው፤ የታች ጥርሶቼ ከላዮቹ ቀድመው ይገጥማሉ። በሥራዬ ከብዙ ሰው ጋር እገናኛለሁ። በማይታየው ፕላስቲክ ማስተካከል እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ እዚህ ሁለት ጥያቄ አለ። ለየብቻ እንያቸው።

የመጀመሪያው የመንጋጋ ጉዳይ ነው። በልጅነት ብዙ ነገር የሚቀለው አጥንቱ ገና እያደገ ስለሆነ ነው። የላይኛው መንጋጋ ጠባብ ከሆነ፣ ላንቃው መሃል ያለው መገጣጠሚያ ሳይዘጋ በቀላሉ ይሰፋል። ከጉርምስና በኋላ ያ መገጣጠሚያ እየጠነከረ ይሄዳል። በእርስዎ ዕድሜ ብሬስ ጥርስን ያንቀሳቅሳል፤ መንጋጋን አያሳድግም፣ አያሳጥርምም። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ የላይ ጥርሶችን ወደ ፊት፣ የታቾቹን ወደ ኋላ በማዘንበል ገጠማውን ማስተካከል ይቻላል። አገጩ ግን እንዳለ ይቆያል። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ብሬስና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ተባብረው ነው የሚሠሩት። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በጎን በኩል በሚነሳ የራስ ቅል ራጅ ነው። ያንን ሳያዩ በስልክ ወይም በፎቶ ቃል የሚገባልዎትን አይመኑ።

ሁለተኛው የማይታየው ፕላስቲክ፣ አላይነሩ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ሲበሉና ሲቦርሹ ይወልቃል፤ ለድድ ንጽሕናም ይመቻል። መጠነኛ መደራረብና ክፍተት ላይ በደንብ ይሠራል። ነገር ግን በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት። ሻይ በጠጡ ቁጥር አውልቀው ጠረጴዛ ላይ የሚረሱት ከሆነ አይሠራም። «ፈጽሞ አይታይም» የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ጥርስ ላይ የሚለጠፉ፣ ቀለማቸው ጥርስ የሚመስል ትንንሽ ጉብታዎች አሉት። ሌላው ምርጫ የሴራሚክ ብሬስ ነው፤ ቀለሙ ጥርስ ስለሚመስል ብዙም ዓይን ውስጥ አይገባም። ከብረቱ ትንሽ ወፈር ያለና በቀላሉ የሚሰበር ነው። ለከባድ ጉዳይ ግን እስካሁን ብዙውን ጊዜ የምመርጠው የታወቀውን ብረት ነው። ውበቱን አይተን ሳይሆን ጥርሱን በትክክል የምናዝበት ስለሆነ ነው።

«61 ዓመቴ ነው፤ ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት እወስዳለሁ። ለጥርስ ሐኪሙ ልንገር ወይስ አያገናኘውም?»

ይንገሩ። ከሁሉም በፊት ይንገሩ። እንደ አለንድሮኔት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድና ዴኖሱማብ ያሉ መድኃኒቶች የሚሠሩት ቅድም ያነሳኋቸውን አጥንት የሚያሟሙ ሴሎች በማዳከም ነው። እኛ ደግሞ ጥርስ ለማንቀሳቀስ የምንፈልገው እነሱኑ ነው። ስለዚህ ጥርሱ በጣም ሊዘገይ ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ቁስሉ አልድን ብሎ የመንጋጋ አጥንት የሚጋለጥበት ችግር ነው። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ለማከም አስቸጋሪ ነው። በኪኒን የሚወስዱና ለካንሰር በከፍተኛ መጠን በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች ሥጋታቸው እኩል አይደለም።

ይህን ሰምተው መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቆሙት አደራ እላለሁ። ዴኖሱማብ በድንገት ከተቋረጠ የጀርባ አጥንት ስብራት ሊያስከትል ይችላል። የአጥንት ሐኪምዎና የጥርስ ሐኪምዎ ይነጋገሩ። አንዳንድ ጊዜ ያለ መንቀል የሚሠራ ትንሽ ማስተካከያ ይገኛል። አንዳንዴም «ይቅርብዎ» ማለት ነው ትክክለኛው ምክር።

ስኳር ያለባቸውም ደውለው ነበር። ስኳሩ ከተቆጣጠሩት ችግር የለም። ካልተቆጣጠሩት ድዱ ቶሎ ይታመማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስኳሩ ይስተካከል። ሲጋራ ለሚያጨሱም መልሴ ከዚህ አይርቅም። ድድን ይጎዳል፤ ጉዳቱንም ይደብቃል፣ ምክንያቱም የአጫሽ ድድ ቢታመምም እንደሌላው ብዙ አይደማም።

«ዶክተር፣ የፊት ጥርሴ ትንሽ ክፍት ነው። 29 ዓመቴ ነው። ቪዲዮ ላይ በላስቲክ አስረው በጥቂት ሳምንት ሲዘጉት አየሁ። ልሞክረው?»

እህቴ፣ እባክሽ አትሞክሪው። ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ነው የሚሄደው። ላስቲኩ ታስሮ አይቆምም፤ ቀስ እያለ ወደ ድዱ ይንሸራተትና ከሥጋው ሥር ይጠፋል። አንቺ «ወለቀ» ትያለሽ፤ እሱ ግን ጥርሱን ከያዘው ጅማትና አጥንት እየለየው ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ጤነኛ የነበሩ ሁለት የፊት ጥርሶቻቸውን ያጡ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ላይ በተደጋጋሚ ተመዝግበዋል። ቪዲዮው የሚያሳየው ክፍተቱ የተዘጋበትን ቀን ነው። ከወራት በኋላ የሆነውን አያሳይም። አድርገሽው ከሆነና ላስቲኩ ከጠፋብሽ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂጂ። ራጅ ላይ ላስቲክ ላይታይ ስለሚችል ምን እንዳደረግሽ በግልጽ ንገሪው፤ አትፈሪ።

«አንድ የመንጋጋ ጥርሴ ከተነቀለ ቆይቷል። ኢምፕላንት ላስተክል ነበር፤ ብሬስም አስቤያለሁ። የቱ ይቅደም?»

አብዛኛውን ጊዜ ብሬሱ። ኢምፕላንት፣ ማለትም በወለቀው ጥርስ ቦታ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር፣ ከአጥንቱ ጋር በቀጥታ ይጣበቃል፤ ያ ስስ ጅማት የለውም። ስለዚህ አንዴ ከተተከለ አይንቀሳቀስም። ያለቦታው ከተተከለ ሌሎቹን ጥርሶች ለማስተካከል እንቅፋት ይሆናል። ደግሞ ጥርስ ከወለቀ ሲቆይ ከኋላ ያለው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላል፤ ፊት ለፊቱ ያለውም ወደ ክፍተቱ ይወርዳል ወይም ይወጣል። ብሬስ ያዘነበለውን አቅንቶ ቦታውን ይከፍታል፤ ከዚያ ኢምፕላንቱ በልኩ ይገባል። ሁለቱ ሐኪሞች ገና ሳይጀመር አብረው ያቅዱ። ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ፣ ያለበት ጥርስ ግን አያስጨንቅዎ፤ የራሱ ሥር ስላለው እንደ ሌላው ይንቀሳቀሳል።

«ሕመሙ ስንት ቀን ነው?»

ሲታሰር አያምም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መጠዝጠዝ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ቀን ይብሳል፣ በሳምንት ውስጥ ይረግባል። ለስላሳ ምግብና ፓራሲታሞል ለብዙ ሰው ይበቃል። ጉንጭ የሚወጋ ሽቦ ካለ ሰም ይለጠፍበታል። የዛሬ ሽቦ ከድሮው የሚሻለው ኒኬልና ታይታኒየም የተቀላቀለበት ስለሆነ ነው። ከ1970ዎቹ (በፈረንጆች) ወዲህ ነው ወደ እኛ ሙያ የገባው። ተጣምሞ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለሰው ቀስ ብሎ፣ በቀላል ኃይል ነው። ኒኬል የሚያሳክከው ሰው አስቀድሞ ይንገረን፤ ሌላ ዓይነት ሽቦ አለ።

«34 ዓመቴ ነው። በ16 ዓመቴ ብሬስ ታስሬ ነበር። ከተፈታ በኋላ ጥርሱን በቦታው የሚይዘውን ሪቴይነር ትንሽ ጊዜ አድርጌ ተውኩት። አሁን የታች ጥርሶቼ ተደራርበዋል። የማሰብ ጥርሴ (መጨረሻ ላይ የሚበቅለው የኋላ መንጋጋ ጥርስ) ገፍቷቸው ነው ይሉኛል። ላስነቅለው?»

ለዚህ ብለሽ እንዳታስነቅዪው። የማሰብ ጥርስ የፊት ጥርሶችን ይገፋል የሚለው በጣም የተለመደ እምነት ነው፤ ጥናቶቹ ግን አልደገፉትም። የማሰብ ጥርስ ሳይኖራቸው የተደራረቡባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። የታችኛው የፊት ጥርስ ከዕድሜ ጋር እየተጠጋጋ መሄዱ በማንም ላይ የሚደርስ ነው፤ ብሬስ ታስሮ በማያውቅም ሰው ላይ። በዚያ ላይ ብሬስ ሲፈታ በድድ ውስጥ ያሉ ክሮች እንደ ተለጠጠ ላስቲክ ጥርሱን ወደ ድሮ ቦታው ይስባሉ። እነሱ እስኪረጋጉ ዓመት ገደማ ይፈጃል። አንቺ የተውሽው እዚያ ላይ ነው። ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይመስለኝም። ብዙ ልጆች «ትንሽ ጊዜ አድርጊው» ተብለው ነው የተሸኙት።

መደራረቡ ትንሽ ከሆነ በአጭር ወራት ይመለሳል። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። ተደራርበው የቆዩ ጥርሶች ሲስተካከሉ በመሃላቸው ድድ ያልሞላው ትንሽ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ሊታይ ይችላል። በትልልቅ ሰዎች ላይ ይበዛል። ጥርሱን በጎን ትንሽ ሞርዶ በማቀራረብ ይቀነሳል፤ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። ብሬሱ ከመታሰሩ በፊት ስለዚህ ጠይቂ።

ከዚያ በኋላ ሪቴይነር የዘወትር ነው። መጀመሪያ ቀንም ሌትም፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ሌሊት ብቻ። ከጥርስ ጀርባ የሚለጠፍ ቋሚ ሽቦም አለ። እሱ ከመረጥሽ በምላስሽ እየነካሽ ፈትሺው። አንዱ ጫፍ ከተላቀቀ ያ ጥርስ ሳይታወቅሽ ይሸሻል፤ በዚያው ሳምንት አስለጥፊው። የሚወልቀውን ፕላስቲክ ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢው። ሙቅ ውኃ ቅርጹን ያበላሸዋል። ስትበዪ በሶፍት ጠቅልለሽ አታስቀምጪው፤ የሚጠፋው አብዛኛው ሪቴይነር ከቆሻሻ ጋር ተጥሎ ነው። አንድ ቀን ስታደርጊው ጠበብ ካለሽ ጥርሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው። በዚያ ሌሊት አድርጊው፣ በማግስቱም ለሐኪምሽ ደውዪ።