ከሳላማንካ ደጃፍ አትመለሱ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ለቅዳሜው ጉዞ የተመዘገባችሁ በሙሉ፤

ወደ ስፔኗ ከተማ ወደ ሳላማንካ ስለምናደርገው ጉዞ አጭር ማብራሪያ እንድሰጥ ተጠይቄያለሁ፤ እሰጣለሁም። በቅድሚያ ግን የከነከነኝን ልናገር። አምና ከዚሁ ከማድሪድ የሄደው ቡድናችን የሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ቆሞ፣ አንገቱን አንጋጦ በግንቡ ላይ የተቀረጸችውን ዝነኛ እንቁራሪት ሲፈልግ ጊዜው አለቀበት። አንድም ሰው ወደ ውስጥ አልገባም። ዘንድሮ ይህ አይደገምም!

እንግዲያው ያለችበትን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ወደ በሩ ዞራችሁ ስትቆሙ በቀኝ በኩል ያለውን የተቀረጸ ዓምድ በዓይናችሁ ወደ ላይ ተከተሉት። የራስ ቅሎች ታገኛላችሁ፤ ከእነሱ በአንዱ አናት ላይ ተቀምጣለች። ያያት ተማሪ ፈተና ያልፋል ይባላል። የስልካችሁን ካሜራ አጉልታችሁ እዩዋት፤ 5 ደቂቃ ይበቃታል።

ይልቅ ድንጋዩን ልብ በሉት። ከቪያማዮር ካባ የሚወጣ አሸዋማ ድንጋይ ነው። ገና ሲወጣ እርጥበት ስላለው ለስላሳ ነው፤ ጠራቢው እንደ እንጨት ይፈለፍለዋል። ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ውስጡ ያለው ብረት አየር ሲያገኘው ወርቃማ መልክ ይይዛል። ድክመቱ ውሃ መምጠጡ ነው፤ እርጥበቱ ከመሬት ሽቅብ ሲሳብ ገጹን እየላጠ ያረግፈዋል። የበሩ ግንብ ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ወርቅነቱ የሚታየው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ስለዚህ ከ10 ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ዩኒቨርሲቲውን በ1218 እ.ኤ.አ. የመሠረተው የሊዮኑ ንጉሥ አልፎንሶ 9ኛ ነው። የፍራይ ሉዊስ ደ ሊዮን ክፍል የሚባለው እንደ ጥንቱ ተጠብቋል። ተማሪ የሚቀመጥበት በቅጡ ያልተላገ ግንድ ነው፤ ዝቅ ብላችሁ ብታዩት በቢላ የተቀረጹ ስሞች አሉበት። እኚህን መነኩሴ መምህር የሃይማኖት መርማሪዎች በ1572 አሰሯቸው፤ አንዱ ክስ መኃልየ መኃልይን ወደ ስፓኒሽ መተርጎማቸው ነበር። የተፈቱት በ1576 መጨረሻ ነው። ወደ ማስተማሩ ሲመለሱ «ትናንት እንዳልነው» ብለው ካቆሙበት ቀጠሉ ይባላል። ይህ ክፍል እያለ ደጅ ላይ እንቁራሪት ስንቆጥር መዋላችን ያሳፍራል!

ሁለተኛው የማይታለፈው የቅድስት ባርባራ ጸሎት ቤት ነው። ያለው በአሮጌው ካቴድራል ቅጥር ውስጥ ሲሆን መግቢያው በአዲሱ ካቴድራል በኩል ነው። ብዙ ሰው አዲሱን አይቶ ያበቃ እየመሰለው ይወጣል። ጸሎት ቤቱ መሐል የአንድ ጳጳስ መቃብር አለ፤ ላዩ ላይ ተጋድመው የሚታዩበት ሐውልት ተቀርጾበታል። በጥንቱ ዘመን ለከፍተኛ ማዕረግ የሚፈተን ተማሪ ዋዜማውን እዚያ ተዘግቶበት ያድር ነበር፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ከጳጳሱ እግር አሳርፎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያጠና ነበር። ሲነጋ መምህራኑ ከብበው ይጠይቁት ነበር። ካለፈ በዋናው በር በሆታ ይወጣ ነበር፤ ለመምህራኑ ግብዣ፣ ለሕዝቡ የበሬ ትግል ማሰናዳትም የእሱ ዕዳ ነበር። ከወደቀ መውጫው የጋሪ በር የሚባለው የጓሮ በር ነበር። ያለፈው ደግሞ ስሙን በቀይ ቀለም ግድግዳ ላይ ያስጽፍ ነበር፤ ቀለሙ የበሬ ደም ይገባበት ነበር። ጽሑፎቹን በየግንቡ ታዩዋቸዋላችሁ።

አዲሱ ካቴድራል በር ላይ የጠፈርተኛ ቅርጽ ስታዩ እንዳትደናገጡ፤ በ1992 እድሳት ጊዜ የተጨመረ ነው።

«የሳላማንካ ሰማይ» የሚባለው የከዋክብት ሥዕል ያለበት ክፍል ጨለማ ነው። ገብታችሁ ወዲያው አትውጡ፤ ዓይናችሁ እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ከ300 በላይ የድንጋይ ዛጎል የተለጠፈበት ቤት ዛሬ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ፕላዛ ማዮር የምሽት አደባባይ ነው፤ መብራት ሲበራ እንገናኝበታለን።

ስለ ምግብ፦ የአገሩ ዝነኛ ሆርናዞ ከላይ ሲታይ ዳቦ ነው፤ ውስጡ ግን የአሳማ ሥጋ አለ። የምትጾሙም የማትበሉም ሳትጠይቁ አትግዙ።

ባቡሩ ከቻማርቲን ጣቢያ ይነሣል፤ ፈጣኑ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከጣቢያው እስከ አደባባዩ በእግር 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም። ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጣቢያው በር ላይ እንገናኝ።