ወንበሩን በቁሜ አምጡልኝ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሊቀመንበራችን ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ሙቀት ነው፣ ብዙ አላቆያችሁም።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሸመንደፈር ነው፣ እዚሁ ድሬዳዋ የባቡር ጥገና ቤት። ሥራ ስጀምር መጀመሪያ ያስያዙኝ ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ነበር። ባቡር ሲቆም ከጎኑ እየሄድኩ የየፉርጎውን ጎማ መታ አደርጋለሁ። ደህና ብረት እንደ ደወል ይጮሃል። ስንጥቅ ያለበት ግን ድምፁ ይታፈናል። ዐይን ያላየውን ጆሮ ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ሳገኝ በጠመኔ ምልክት አደርግና ወዲያው እናገራለሁ። «ነጂው ይደነግጣል፣ ዝም እንበለው» ያለ ሰው በዚያ ሁሉ ዓመት አልገጠመኝም። ነጂው ማወቅ አለበታ! ባቡሩን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት ስንጥቁ እኔ ላይ ተገኘ።

ወገቤን ያመኝ ነበር። ሌሊት ሽንት እየደጋገመ ያስነሳኛል። ልጆቼ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ሐኪሙ ከእኔ ጋር ማውራት ተወ። የሚያወራው ከልጆቼ ጋር ሆነ። «አባዬ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፣ ይድናል» አሉኝ። ማታ ግን ትልቋ ልጄ ዐይኗ አብጦ ትገባለች።

አንድ ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ረስታው ወጣች። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። ግን የባቡር ሰው ነኝ፣ ፈረንሳይኛ በሥራ ላይ ለምጃለሁ። አንዳንዱ ቃል ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ያው ነው። «ፕሮስቴት» የሚለውን አየሁ፣ የወንድ ዕጢ ነው። ዝቅ ብሎ «ሜታስታሲስ» ይላል፣ ተሰራጭቷል ማለት ነው። ካንሰር ነው፣ አጥንቴም ገብቷል።

ሦስት ወር ሙሉ፣ በገዛ ቤቴ፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከበሽታው ይልቅ ያመመኝ እሱ ነው።

ልጆቼን አልወቅስም። ያስተማርናቸው እኛ ነን። መርዶ የምንናገረው ንጋት ላይ ነው፣ ሽማግሌ ይዘን። ለሐዘንተኛው አስበን ነው፣ ጥሩ ነው። የታመመውን ሰው ግን የራሱን ነገር ከራሱ ደብቀን ለጎረቤት እንነግራለን። እሱም ገላው ነውና ያውቃል። እኛ እንዳይደነግጥ፣ እሱ እንዳናዝን ስንሸዋወድ የቀረችው ጊዜ ታልቃለች።

1998 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቤተሰብ ያጣችሁ አላችሁ። እነዚያ ሰዎች ተኝተው ነበር። ለመሰናበት፣ ይቅር ለመባባል አንዲት ሰዓት አላገኙም። እኔ አገኘሁ። ምን ያህል እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም፣ ግን አለኝ።

ልጆቼን ሰብስቤ «አውቃለሁ» አልኳቸው። ተላቀስን። ከዚያ ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። በሽታውን የሚመግበውን ሆርሞን የሚቀንስ መርፌ አለ፣ እወስዳለሁ። ሲብስብኝ የሚጠጣ ሞርፊን አለ፣ እሱንም እወስዳለሁ። እባካችሁ፣ «ሱስ ይሆንበታል» ብላችሁ ታማሚያችሁን ሲቃትት አታሳድሩት። ሐኪም መጥኖ የሚሰጠው መድኃኒት ነው። ከዚህ በላይ፣ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ በየአልጋው መክረሙን፣ አልፈልግም አልኩ። ሌላው እስከ መጨረሻው ልታገል ቢል እሱም ልክ ነው። ብቻ ራሱ ይወስን።

ኑዛዜዬንም ጻፍኩ። ሙስሊም ወንድሞቼ ወሲያ ትሉታላችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሰው ሙሉውን በገዛ እጁ ከጻፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ካሰፈረ፣ ቀንና ፊርማ ካኖረበት ይቀበለዋል። አንድ ማታ ነው የፈጀብኝ።

አሁን አልጋዬን ግቢ አውጥቻለሁ። የድሬን ሰማይ እያየሁ ነው የምተኛው። ፀሐይ ስትበርድ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፉ ሥር ዞር ዞር እላለሁ። 11 ዓመት የተኳረፍኩት ጓደኛ ነበረኝ። ሳቢያን ሰፈር፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ አንኳኳሁ። በሩን ከፍቶ ዝም ብሎ አየኝ፣ ከዚያ «ግባ፣ ቡና ደርሷል» አለኝ። ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው። ስሞት እንደምታወጡት፣ ሦስት ቀን እንደምትቀመጡልኝ አልጠራጠርም። እኔ ግን ያን ቀን አላያችሁም። ስለዚህ ኮሚቴው ለፊታችን ቅዳሜ ማታ ሃያ ወንበር እንዲያከራየኝ እጠይቃለሁ። ግቢዬ ሰፊ ነው። ዶሚኖ አለ። ልጄ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። የምትመጡ እስቲ እጃችሁን አውጡ፣ ሻዩ በልኩ እንዲፈላ።